የአባ ወልውል ጠመንጃ

ሽማግሌው ዕቃ ቤቱ ወለል ላይ በጀርባው ወድቆ ሲገኝ ጠመንጃዋ ከጎኑ ተጋድማ ነበር። መወልወያው ዘንግ፣ የዘይቱ ጣሳና አንድ ነጭ ጨርቅ በርጩማው ሥር ተቀምጠዋል። ያየ ሁሉ «ሲወለውላት ባርቃበት ነው» አለ። ሰውም አይፈረድበትም። ሽማግሌውን ሰፈሩ የሚጠራው «አባ ወልውል» እያለ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው በቆሎው ውስጥ የሚገቡትን የዱር አሳማዎች ማባረርና ያቺን ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ መወልወል ነበር። ሚስቱ «እኔን እንደሷ አንድ ቀን እንኳ አሻሽተኸኝ ብታውቅ ምናለበት» ስትለው «አንቺ መቼ ትዝጊያለሽ?» ይላታል። እንዲህ እየተባባሉ ነው ያረጁት።

በተቀበረ ማግስት ግን ፖሊስ መጥቶ ወንዱን ልጅ ወሰደው።

ልጁ ጎሚስታ ነው፤ መንገድ ዳር ጎማ ይለጥፋል። አባቱ በሞተበት ዋዜማ «ይቺን ነገር ከእጅህ ካልነጠቅኩ ሰው አይደለሁም!» ብሎ ሲጮህበት ጎረቤት ሰምቷል። በሞተበትም ቀን ረፋዱ ላይ ግቢው ሲገባና ሲወጣ ታይቷል። እሱ «ይቅርታ ልጠይቀው መጥቼ ብጠራው ዝም ሲለኝ፣ ኩርፊያው አልበረደለትም ብዬ ተመለስኩ» ይላል። ማን ሊያምነው? ጥቂት ቀን ታስሮ ከሰነበተ በኋላ አባቱን ገድሏል ተብሎ ሊከሰስ፣ በማግስቱ ወደ ትልቁ ፍርድ ቤት ሊላክ ወረቀቱ ተፈረመ።

እናትየዋ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም። ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ የወንጀል ምርመራ ቢሮ ደረጃ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ዘበኛው ለመናት፣ ተቆጣት፣ መልሶ ለመናት። ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ አንዲት መርማሪ ወጥታ አጠገቧ ቆመች። ሰው አውርቶ ጨረስኩ ሲል «ቆይ» ስለምትል ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ቆይ» ያወጡላት ሴት ናት።

«እማማ፣ ይነሱ እንጂ። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል።»

«ይቀዝቅዝ። ልጄን ካልሰጣችሁኝ የት ልሄድ ነው?»

«ልጅዎን ያሰርኩት እኔ አይደለሁም።»

«ማሰርማ ማን ያቅተዋል? ማስፈታት የምታውቀው አንቺ ነሽ አሉኝ። የኔ ልጅ፣ ባሌን ቀበርኩ። ያለኝ ሁለት ልጅ ነው፤ ልብስ ሰፊዋና ይሄ ጎሚስታ። ከሁለቱ ለማንም የምቆርሰው የለኝም።»

«ቆይ» አለች መርማሪዋ፤ ጎኗ ተቀመጠች። «እውነቱን ልፈልግልዎ እችላለሁ። ግን እውነት ከተገኘ በኋላ መልሰን አንደብቀውም። ደስ የሚልዎ ይሁን አይሁን አላውቅም።»

«እውነቱ ልጄ አልገደለም ነው። ሌላ እውነት ማን ጠየቀሽ?»

መርማሪዋ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሄደች። ነገሩን የያዘው ሳጅን ጺሙን እንደ ልጅ የሚንከባከብ ሰው ነው። ጠመንጃዋን ከቁም ሳጥን አወጣላት። አንገቷ ላይ ያሰረላት መለያ ወረቀት በዘይት ርሶ ጽሑፉ ጠፍቷል።

«ዘይት ጨምረህባታል?»

«እኔ? ከየት አምጥቼ? እንዳገኘኋት በላስቲክ ጠቅልዬ ነው ያስቀመጥኳት።»

መርማሪዋ ጠመንጃዋን ከወገቧ አጥፋ ወደ መስኮቱ አዞረቻት። በሁለቱም ቱቦ ውስጥ አየች። ሁለቱም እንደ መስታወት ያበራሉ።

«ና እያት እስቲ።»

ሳጅኑ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ። «ታበራለች።»

«ለምን ታበራለች?»

«ሰውየው ሲወለውላት ነዋ የሞተው።»

«ቆይ። አንዴ የተተኮሰባት ጠመንጃ ውስጧ እንደ ምድጃ ጥላሸት ይይዛል። ወልውሎ ከጨረሰ በኋላ ከባረቀችበት፣ አንደኛው ቱቦ አሁን ጥቁር መሆን አለበት። ሳይወለውል ከባረቀችበት ደግሞ እሱ ሞቷል። ታዲያ ማን ወለወላት?»

ሳጅኑ ጺሙን ነካ ነካ አደረገ።

«የጥይቱ ቀለህስ?»

«አጣሁት። ተፈናጥሮ የሆነ ቦታ ወድቆ ይሆናላ።»

«ይቺ አትተፋም። ቀለሁን በጣት መዘው ነው የሚያወጡላት። ጨርቁስ? ነጭ ነው ያልከው። ጥላሸቱን የጠረገው ጨርቅ የታለ?»

«እንግዲህ እሱን...» ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እንግዲህ ልጁ ወልውሎ፣ ጨርቁን ይዞ ሄደ ማለት ነዋ!»

«ሊሆን ይችላል» አለች። «ከግቢው ውጭ የሆነ ሰው ግን ገድሎ ይሮጣል እንጂ ቁጭ ብሎ አይወለውልም።»

ወረቀቱን ማዘግየት ይቻል እንደሆነ ጠየቀችው። ሳጅኑ እጁን ዘረጋ። «ሌላ ስም ካልተተካበት በቀር ነገ ጠዋት ይሄዳል። ከኔ እጅ ወጥቷል።»

«ቤተሰብ ይጠይቀዋል?»

«እናቱ ትጠይቀዋለች። እህቱም ትመጣለች፤ ግን አትገባም። በሩ ላይ ትቆማለች፣ ትቆማለች፣ ከዚያ ትመለሳለች። ግቢ ብያት ነበር። የምታፍር መሰለኝ።»

ልጁን ከእስር ክፍሉ አስመጣችው። እጁ ታጥቦ የማይለቅ የጎማ ጥቁረት አለበት፤ የነካው ጠረጴዛ ላይ ሁሉ ጣቱ ይታተማል።

«ጠመንጃዋን መወልወል ታውቃለህ?»

«ሌላው ልጅ ፊደል ሲቆጥር እኛ ዘንግ ነበር የምንገፋው» አለ። ፈገግ ሊል ፈልጎ አልሆነለትም። «ተኩሳ ሳትወለወል አታድርም። ዘንጉ ከኋላ ገብቶ በአፏ ይወጣል። ዘይቱ ጠብታ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ እንጨቷን ያበሰብሳል። ስትቀመጥ አፏ ወደ ታች ነው። ቀለህ አይጣልም፣ ጣሳው ውስጥ ይገባል። ጥይት እሷ ሆድ ውስጥ ሆኖ ቤት አይገባም። ይኼን በእንቅልፌም አልስተውም።»

«አንተ ነበርክ የምትወለውልለት?»

«እኔንማ አባረረኝ። ለመፍታት ስለሚሰለቸኝ ዘንጉን በአፏ በኩል ነበር የምከተው። ‹ቆሻሻዋን ወደ ሆዷ ታጉርባታለህ፣ አንተ ጎማህን ለጥፍ› ብሎ ቀማኝ።»

«ጠቡስ?»

ልጁ ጥቁር እጆቹን አየ። «ዓይኑ ደክሞ ነበር። እጁ ይንቀጠቀጣል። የጎረቤታችንን የኮሎኔሉን ውሻ አሳማ ነው ብሎ ሊደፋው ነበር። ሰው ሳይገድል እንውሰድበት ብለን ከእታለም ጋር ተማከርን። እታለም የምላት እህቴን ነው። እኔ ነገርኩት፤ እምቢ አለ፤ ጮህኩ። በጩኸት የሚሆን መስሎኝ።» ጣቱ የታተመበትን ጠረጴዛ በክርኑ ጠረገ። «የመጨረሻው ቃሌ ጩኸት ሆኖ ቀረ፣ አየሽ?»

ኮሎኔል የተባለው ጎረቤት ወታደር ቤት ደጃፍ ደርሶ አያውቅም፤ ስሙን ያገኘው ከአረማመዱ ነው። አጥሩ ላይ ተደግፎ ነው ያናገራት።

«ጋሼ፣ ጠመንጃዋን ይዋሱ ነበር አሉ።»

«ድሮ ነዋ! ጅግራ ነገር ስመታ። ከዚያ ወዲያ ከለከለኝ።»

«ለምን?»

«ሳልወለውል መልሼ! ለትንሽ ጥላሸት ወራት ሙሉ ኮረፈኝ፣ የልጅነት ጓደኛዬ! ‹አንተ ወልውል፣ ስምህ እሱ አይደል› ብለው ባሰበት።» ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ቀረ። «እስከ ዛሬ አንዴ ወልውዬላት አላውቅም። ቢያሳየኝም አልያዘልኝም። አሁን ብጠርግለት ደስ ባለኝ፤ ለማን ልጥረግ?»

«የሞቱ ዕለት ተኩስ ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ። አሳማ ነው ብዬ ሬዲዮዬን ከፍ አደረግሁ። ከዚህ አጥር እዚያ ቤት ስንት እርምጃ ነው? ብነሳ ኖሮ...»

«ቢነሱም አይደርሱለትም ነበር» አለችው። እውነቷን ነው፤ ግን ሰውየውን አላጽናናውም።

«ተኩሱ ልጁ ከመግባቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«እንጃ። እሱን ብታስምዪኝ እዋሻለሁ። ልጁን በፊት ለፊቱ በር ሲገባ አየሁት፤ ወዲያው ወጣ። ወዲያው! ሻይ እንኳ አይፈላም በዚያ ጊዜ።»

«የኋላውን በርስ?»

«የኋላው ከዚህ አይታይም።»

መርማሪዋ የሟቹን ግቢ አቋርጣ በዚያው የኋላ በር ወጣች። መንገዱ በበቆሎው ጥግ አልፎ ወደ ሱቆቹ ይወስዳል። የልብስ ሰፊዋ ቤት እዚያ ነው።

እህትየዋ ለእናቷ ጥቁር ቀሚስ እየሰፋች አገኘቻት። አንዲት ወፍራም ደንበኛ ልብሷን ልትወስድ መጥታ ታሾፋለች። «አንቺ፣ ባለፈው እንዳደረግሽው የመርፌ ዝገት እንዳታስነኪብኝ! ሰው በቀሚሴ ሚስማር ያንጠለጠልኩ ነው የመሰለው።»

«ሄደሽ እጠቢው፣ ይለቃል» አለቻት ልብስ ሰፊዋ ቀና ሳትል።

ደንበኛዋ ስትወጣ መርማሪዋ ዙሪያዋን አየች። መርፌዎቹ ዘይት በጠጣ ጨርቅ ላይ ነው የተሰኩት። የመቀሱ እጀታ በጨርቅ ተጠቅልሏል። የስፌት መኪናው እጀታ፣ እጅ የሚያርፍበት ብረት ሁሉ በዘይት ይንጠባጠባል።

«ይህ ሁሉ ዘይት ለምንድን ነው?»

«እጄ ያልበኛል። ሲፈጥረኝ እንዲሁ ነው፤ የነካሁት ብረት ሁሉ በማግስቱ ይዝጋል። አባባ ‹እጀ ጨው› ነበር የሚለኝ።» ልትስቅ ብላ ተወችው። «ልጅ ሆኜ ጠመንጃዋን ነክቼ ባደረች ቁጥር የጣቴ ምልክት ቀይ ሆኖ ይወጣባታል። ከዚያ ‹አንቺ ሌላው አንዴ ሲቀባ አሥር ጊዜ ቀቢ፣ ጣትሽ እስኪያዳልጥሽ ቀቢ› አለኝ።»

ይህን ስትናገር ምን እንደተናገረች አላወቀችም። መርማሪዋ ግን አወቀች፤ ደስም አላላትም። ያቺ ደረጃ ላይ የተቀመጠች እናት ትዝ አለቻት።

«ዘይቱን ከየት ነው የምትገዢው?»

«አልገዛም። ከአባባ ጣሳ ነው የምቀዳው።»

መኪናው አጠገብ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አለች፤ እስከ አንገቷ ሙሉ ናት።

«መጨረሻ የቀዳሽው መቼ ነው?»

ፔዳሉን የሚረግጠው እግር ቆመ። የስፌት መኪናው ጎማ በራሱ ጥቂት ዞሮ ቆመ።

«አላስታውስም» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በእናትየዋ ሳሎን ተሰበሰቡ። ሳጅኑ ልጁን እጁን በካቴና አስሮ አመጣው። ኮሎኔሉ በር አጠገብ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች፤ እጆቿን በቀሚሷ መሀል ደብቃለች። እናትየዋ ወንበሯን ወደ ልጇ አስጠግታ ካቴናውን በእጇ ይዛለች፤ የምትፈታው ይመስል።

«ሊፈታ ነው አይደል የሰበሰብሽን?» አለች።

«ቆይ፣ እማማ። ካደመጡኝ በኋላ ይፈርዱብኛል።»

ጠመንጃዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሰው የገደለች ጠመንጃ ከአስከሬኑ አጠገብ ተወልውላ ተገኘች። የሞተ ሰው ዘንግ አይገፋም። ስለዚህ ሽማግሌው ከወደቁ በኋላ እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ነበር። ያ ሰው አልሮጠም። ቀለሁን አወጣ። ጣሳውን ያምጡልኝ።»

ሳጅኑ ከዕቃ ቤቱ የባዶ ቀለህ ጣሳ አመጣ። ከላይ ያለውን አንስታ አሸተተችው፤ ለሳጅኑም ሰጠችው። ባሩዱ ገና ይሸታል።

«ጣሳው ውስጥ ከተተው። ለመደበቅ አይደለም፤ ሊደብቅ ቢፈልግ በቆሎው ውስጥ ይወረውረዋል። እዚህ ቤት ቀለህ ጣሳ ውስጥ ስለሚገባ ነው። ከዚያ ወለወለ። እዚህ ቤት ተኩሳ ሳትወለወል ስለማታድር ነው። ብልጠት አልነበረም። ሰውየው ራሱን ስቶ ነበር፤ የሠራው እጁ ነው። እንዲህ ያለ እጅ ያለው እዚህ ቤት ያደገ ሰው ብቻ ነው።»

«እኔ ወጣሁ ማለት ነው» አለ ኮሎኔሉ ቀስ ብሎ። «ለመጀመሪያ ጊዜ ስንፍናዬ ጠቀመኝ።» ማንም አልሳቀም።

«እርስዎም፣ እማማ፣ ወፍጮ ቤት ነበሩ፤ ወፍጮ ቤቱ ሁሉ አይቶዎታል። የቀሩት ሁለት ልጆች ናቸው።»

እናትየዋ ያን ጊዜ ነው ፊቷ የተለወጠው። ካቴናውን ለቀቀች። «በቃ» አለች። «በቃ፣ ተይው። ነገ ይሂድና ፍርድ ቤት ይፈታዋል። ደክሞሻል፣ ውሃ ላምጣልሽ።»

«እማማ...»

«ውሃ ላምጣልሽ አልኩሽ!»

አሮጊቷ ተነሣች፤ የት እንደምትሄድ ጠፋት፤ ተቀመጠች።

«ወንዱ ልጅ ዘንጉን በአፏ በኩል ነው የሚከተው» ቀጠለች መርማሪዋ። አሁን ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «እንደዚያ ቢሆን ጥላሸቱ ወደ ኋላ ተገፍቶ መቆለፊያዋ ላይ ይቀር ነበር። መቆለፊያዋ ንጹሕ ነው። እጁንም እዩት፤ የነካውን ሁሉ ያጠቁራል። ዘንጉም፣ ነጩ ጨርቅም፣ ጣሳውም ላይ የጎማ ጥቁረት የለም። እሱ እንዳለው ነው፤ ከውጭ ተጣርቶ ሄዷል። ያን ጊዜ አባቱ ሞተው ነበር።

«የወለወላት ሰው በደንብ የተማረ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ያበዛል። ዘይት። ሽማግሌው ጠብታ ነበር የሚሉት። ይቺ ግን ውጭዋ በዘይት ታጥባለች፤ እንጨቷ ውስጥ ገብቷል፣ የሳጅኑን ወረቀት አጥፍቷል። እንዲህ የሚቀባ ሰው እጁ ብረት እንደሚያዝግ የሚፈራ ሰው ነው። አሥር ጊዜ ቀቢ የተባለ ሰው።»

«እኔ ነኝ!» አለ ጎሚስታው። ብድግ አለ፤ ካቴናው አንኳኳ። «እኔ ነኝ የገደልኩት! ጻፊ፣ ሳጅን ጻፍ! ዘይቱንም እኔ ነኝ የደፋሁት! ምን አገባችሁ በዘይት?»

«ተቀመጥ፣ የኔ ወንድም» አለች እህቱ። «ውሸት አትችልም። በልጅነትህም አትችልም ነበር።»

እጆቿን ከቀሚሷ ውስጥ አወጣቻቸው። ላብ ብቻ ናቸው።

«ዘይት ልቀዳ ነው የመጣሁት» አለች፤ ወደ ማንም ሳታይ። «ቀዳሁ። አባባ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ሸለብ አድርጎታል። እሷ ጥጓ ላይ ተዘቅዝቃ ቆማለች። ይዣት ልውጣ አልኩ። ይጮኻል፣ ይኮርፈኛል፣ ያልፍለታል ብዬ። ሳነሣት ነቃ። ዓይኑ መቼ ያያል? ሌባ መሰልኩት። አፏን ያዘ። ‹አባባ እኔ ነኝ› እላለሁ፣ ይጎትታል። እኔም ጎተትኩ። ለምን እንደጎተትኩ አላውቅም፤ ብለቅለት ኖሮ... ጥይት አለባት ብዬ በምን ላስብ? እሱ ራሱ እኮ ነው ያስተማረን! ጥይት እሷ ሆድ ውስጥ ሆኖ ቤት አይገባም ብሎ!»

«እኔን አጉርሽልኝ ይለኝ ነበር» አለች እናትየዋ። ድምፅዋ ከሩቅ የመጣ ይመስላል። «ጣቴ እምቢ አለኝ፣ ጥይቱን አጉርሽልኝ ይለኛል፣ አሳማ በመጣ ቁጥር። እኔ ይቺን ነገር አልነካም አልኩት። ከዚያ መጠየቅ ተወ። እኔ የተወው መስሎኝ...» አልጨረሰችውም። አንዴ ካጎረሳት ወዲያ አውጥቶ መልሶ መክተቱ ስለሚያቅተው፣ እንዲሁ አጉርሶ እንደሚያሳድራት ሁሉም ገባቸው። ያን ጊዜ ገባቸው እንጂ ምን ዋጋ አለው።

«ከዚያስ?» አለች መርማሪዋ።

«ከዚያ እጄ ሠራ። እኔ እዚያ አልነበርኩም። ቀለሁን አወጣሁ። ዘንጉን ገፋሁ። ዘይት ቀባሁ፣ ደግሜ ቀባሁ፣ ጣቴ እስኪያዳልጠኝ። ስጨርስ ቀና ብዬ ‹ጨረስኩ፣ አባባ› አልኩት።»

ኮሎኔሉ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«ያኔ ነው ያየሁት። ጥቁሩን ጨርቅ ሽርጤ ኪስ ከትቼ በኋላ በር ወጣሁ፤ ቤቴ ምድጃ ውስጥ ጣልኩት። ሰው ሁሉ ሲወለውላት ነው አለ። ይሁን አልኩ። ምን ይለወጣል ብዬ። ከዚያ እሱን ወሰዱት። ነገ እናገራለሁ እላለሁ፤ ጣቢያው በር ድረስ እሄዳለሁ፤ ልጆቼ ትዝ ይሉኛል፤ አባታቸው ጥሏቸው የሄደ ነው፣ ከኔ ሌላ ማን አላቸው? እመለሳለሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ ነገሬ።» ወንድሟን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። «በር ላይ ሆኜ ስታስል እሰማህ ነበር።»

ወንድሟ የታሰሩ እጆቹን አንድ ላይ አንሥቶ ፊቱን ሸፈነ።

«አስከሬኑን ያየው ሐኪም የሽማግሌው ግራ መዳፍ በባሩድ ጠቁሯል ብሎኛል» አለች መርማሪዋ። «አፏን የያዙት እሳቸው ናቸው፤ ወደራሳቸው የጎተቱትም እሳቸው ናቸው። ሰው ሊገድል የመጣ ሰው አፈሙዙን ለሟቹ አያስይዝም። ይህን ዳኛ ፊት እናገራለሁ፣ እስኪሰለቻቸው እናገራለሁ። በሌላኛው ጫፍ ሰው አልነበረም ማለት ግን አልችልም።»

«ለምን አትችዪም?» አለች እናትየዋ። ቁጣ የለበትም፤ የልመናም አይመስልም። ማወቅ የፈለገች ነው የሚመስለው። «እዚህ ያለነው እኛው ነን። ሳጅኑም ሰው ነው፣ እናት አለችው። ማን ይሰማል?»

«እኔ ዝም ብል ነገ ጠዋት ልጁ ይሄዳል፣ እማማ። አንድ ስም ይፈልጋሉ።»

«የኔን ጻፊያ። አጉርሽ ሲለኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። አሮጊት ነኝ፤ የትም ብቀመጥ ለኔ ያው ነው።»

መርማሪዋ «ቆይ» እንኳ ማለት አልቻለችም።

ሳጅኑ የልጁን ካቴና ፈታ። ብረቱን በእጁ ይዞ ወደ ልብስ ሰፊዋ አየ፤ ወደ መርማሪዋ አየ። «ኪስህ ክተተው» አለችው። ከተተው።

ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ ቀሚሷን አስተካከለች። «ልጆቹ ከትምህርት ቤት የሚወጡበት ሰዓት ደርሷል» አለች ለወንድሟ። «ሂድ፣ በር ላይ ሰው ካጡ ይደነግጣሉ። ትንሿ እጇን ካልያዝካት መንገድ አትሻገርም። ትልቋ ትጠይቅሃለች፣ ትንሿ አትጠይቅም፤ ትንሿን ተጠንቀቅ።»

«ምን ልበላቸው?»

«እኔን አትጠይቀኝ። እኔ አላውቅም።»

ጎሚስታው ወጣ። ከእስር ክፍሉ ሲያወጡት ጫማውን በደንብ አላሰረውም፤ ማሰሪያውን እየጎተተ በበቆሎው ጥግ ሮጠ።

እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው እስከ ፖሊሱ መኪና ሄዱ። ልብስ ሰፊዋ ገብታ ተቀመጠች። እናትየዋም ተከትላ ልትገባ አንድ እግሯን አነሣች።

«እማማ፣ እርስዎ ይቅሩ» አለ ሳጅኑ። «ልጆቹ ሲመጡ ቤት ባዶ ይሆንባቸዋል እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች።

«እንግዲያው ይውረዱ።»

«እሷስ? ብቻዋን ልትሄድ ነው?»

«አብሬያት ነኝ እኔ» አለች መርማሪዋ።

«አንቺማ አብረሻት ነሽ» አለች እናትየዋ።

ከመንገዱ ጫፍ የሕፃናት ድምፅ ተሰማ፤ ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ብዙ ልጆች ናቸው፣ የሷዎቹ ይኑሩበት አይኑሩበት ገና አይለይም። አሮጊቷ ወደዚያ ዞረች። ወደ ልጇም ዞረች። አንድ እግሯ መኪናው ውስጥ፣ አንዱ መሬት ላይ ነው። ሳጅኑ የመኪናውን በር እንደያዘ ቆመ፤ መዝጋትም አልቻለም፣ ይግቡ ማለትም አልቻለም። ሞተሩ ብቻ ይጮኻል።